የድብድብ ጌም «አልቲሜት» ሲዲ ልትገዙ ነው? እንዳትቸኩሉ

ቴሌግራም ላይ የጌም ሲዲ የሚሸጥባቸውን ቻናሎች የምትከታተሉ ይህችን ማስታወቂያ ታውቋታላችሁ፦ «ቴከን 8 አልቲሜት፣ ሁሉም ካራክተር ያለው፣ ያገለገለ ግን እንደ አዲስ።» ዋጋው ከተራው ሲዲ ከፍ ይላል። እባካችሁ ያንን ልዩነት ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አልቲሜት፣ ዴሉክስ፣ ፕሪሚየም በሚባሉት እትሞች ላይ ጨመር አድርጋችሁ የምትከፍሉበት ነገር ሲዲው ውስጥ የለም። ተጨማሪዎቹ ካራክተሮች (መርጣችሁ የምትዋጉባቸው ተፋላሚዎች) ጌሙ ከወጣ በኋላ በየጊዜው የሚለቀቁ ናቸው፤ የሚመጡትም በኢንተርኔት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኮድ የተጻፈበት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ገዢ ኮዱን አካውንቱ ላይ ካስገባው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሲዲው አሥር ሰው እጅ ቢዞር ካራክተሮቹ እዚያው ሰውዬ አካውንት ላይ ቀሩ። ለሁለተኛው ገዢ የሚደርሰው ያማረ ሽፋን ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቴከንን የለመደው በልጅነቱ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ፣ በቴከን 3 ነው። የሚጫወተውም በኤዲ ነው። ያ ካፖዌራ የሚባለውን የብራዚል የጭፈራ ድብድብ የሚጨፍረው ኤዲ፤ የእግር ቁልፎቹን ዝም ብሎ ለሚቀጠቅጥ ጀማሪ እንኳ የሚታዘዘው። ሻጩ «ሁሉም አለ» አለው። ቤት ገብቶ ሲከፍተው ኤዲን መምረጥ አይቻልም። ቴከን 8 እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ሲወጣ 32 ካራክተር ነበረው፤ ኤዲ ከእነሱ ውስጥ አልነበረም። የመጣው በኤፕሪል ነው፣ በገንዘብ የሚገዛ ተጨማሪ ሆኖ። ጓደኛዬ ተመልሶ ሲጠይቅ ሻጩ «አፕዴት አድርገው» ብሎ ሸኘው። አፕዴት ግን ካራክተር አይከፍትም። ተጋጣሚያችሁ በኤዲ ሲመጣባችሁ ታዩታላችሁ እንጂ እናንተ አትይዙትም።

ሁለተኛም ወጥመድ አለ፤ ይሄኛው የሚይዘው በተለይ እኛን ነው። የፕሌይስቴሽን አካውንት ስትከፍቱ ኢትዮጵያ የሚል ምርጫ ስለሌለ አብዛኛው ሰው አሜሪካ ብሎ ይከፍታል። ሲዲው ግን የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ነው። ከአሜሪካ ስቶር በዶላር የገዛችሁት ካራክተር ከአውሮፓ ሲዲ ጋር አይሠራም። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ካራክተሩ አካውንታችሁ ላይ አለ፣ ጌሙ ግን አያየውም። የሽፋኑን ፊት ታችኛውን ጥግ ተመልከቱ። የዕድሜ ገደቡ በላቲን ፊደል ከተጻፈ የአሜሪካ ነው፤ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ብቻ ካለ የአውሮፓ ነው። ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ይህን ቀድማችሁ ንገሩት።

እሺ፣ ሲዲው አዲስ ነው፣ ኮዱም አልተነካም እንበል። ያኔስ ያዋጣል? ለብዙዎቻችሁ አሁንም አያዋጣም ባይ ነኝ።

የድብድብ ጌም በአንድ ዋጋ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው የሚሸጠው። አንደኛው ቅዳሜ ማታ ከወንድሞቹና ከጓደኞቹ ጋር እየተሳሳቀ መጫወት የሚፈልግ ነው። ሌላኛው ጌሙን እንደ ሙያ መማር፣ ውድድር መግባት የሚፈልግ። ማስታወቂያው ሁለቱንም ያማልላል። ግን ሁለቱም ሰዎች ሁሉንም ካራክተር አይፈልጉም።

ጥልቀት የሚባለው ምን እንደሆነ በአንድ ቡጢ ላሳያችሁ። ቴከን ውስጥ ካዙያ የተባለው ካራክተር «ኤሌክትሪክ» የሚባል ቡጢ አለው። ወደፊት ትጫናላችሁ፣ ትለቃላችሁ፣ ወደታች፣ ከዚያ ወደታችና ወደፊት በሰያፍ። ሰያፉንና የቡጢውን ቁልፍ እኩል፣ በአንዲት ፍሬም (ስክሪኑ ላይ በሚያልፍ አንድ ምስል) ውስጥ መጫን አለባችሁ። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ይሄዳል፤ ያላችሁ ጊዜ የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ነው። ትንሽ ከዘገያችሁ ተራው ቡጢ ይወጣል፤ ተጋጣሚያችሁ ከተከላከለው መልሶ ይቀጣችኋል። ኤሌክትሪኩ ከወጣ ግን ቢከላከለውም ቀጣዩ ተራ የእናንተ ነው። ይህን ለማስተካከል ወራት የሚፈጁ ሰዎች አሉ፣ ያውም ደስ ብሏቸው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ካራክተር ለዓመታት ይበቃዋል። አዲስ የወጣውን ካራክተር ከፈለገ ያኔ ለይቶ ይገዛዋል። አልቲሜት ምን ያደርግለታል?

ለመዝናናት የሚጫወተውም ቢሆን የሚወዳቸው ሦስት አራት ናቸው። ለእሱ የሚያስፈልገው ሳጥኑን በከፈተበት ቀን ብቻውን የሚጫወተው ነገር መኖሩ ነው። እዚህ ላይ ስትሪት ፋይተር 5ን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ 16 ካራክተር ነበረው፤ የውድድር ተጫዋቾች ወዲያው ገቡበት። ከኮምፒውተሩ ጋር ለመጫወት ለገዛው ሰው ግን የተለመደው አርኬድ ሞድ (ተጋጣሚዎችን አንድ በአንድ እያሸነፉ እስከ መጨረሻው የሚሄዱበት) እንኳ አልነበረም። የመጣው በ2018 ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሁለት ዓመት መጠበቅ! በደል ነው፤ ሌላ ስም የለኝም።

ስትሪት ፋይተር 6 ያንን አርሞ መጣ። በ2023 ሲወጣ 18 ካራክተር፣ ብቻችሁን ከተማ እየዞራችሁ የምትጫወቱበት ዎርልድ ቱር፣ በአንድ ቁልፍ ልዩ ምት የሚያወጣ ሞደርን የሚባል አያያዝ ነበረው። በዚያ አቋራጭ የወጣ ምት ጉዳቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የለፋው ሰው አይበደልም። ጀማሪና ለፊ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሊጫወቱበት የሚችሉበት ጌም ከፈለጋችሁ፣ ከሦስቱ ትልልቆች (ቴከን፣ ስትሪት ፋይተር፣ ሞርታል ኮምባት) እኔ የማስቀድመው ይህን ነው። ተራውን እትም።

ሞርታል ኮምባት 1 እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ይመቻል። ታሪኩ እንደ ፊልም ይታያል፣ ፋታሊቲው (ተሸናፊውን በአሰቃቂ ሁኔታ የሚገድለው የመጨረሻ ምት) ሁሉንም ያስጮኻል (ልጆች ካሉ አይሆንም)። ግን በ2023 ፕሪሚየሙን የገዛ ሰው በቀጣዩ ዓመት ኬኦስ ሬይንስ የሚባለው ተጨማሪ ሲመጣ ሌላ 50 ዶላር ተጠየቀ። በ2025 ደግሞ ሁሉንም ያካተተ እትም ወጣ። የታገሠው ሰው አንዴ ከፍሎ ሙሉውን አገኘ። ፒኤስ 4 ላላችሁ ደግሞ ይህ ጌምም ቴከን 8ም አይሠራላችሁም፤ ስትሪት ፋይተር 6 ግን አለላችሁ።

በነፃ የሚለቀቁትም ከዚህ ነፃ አይደሉም። መልቲቨርሰስ በ2022 ሲጀምር ጌሙ ነፃ ነበር፤ ጎን ለጎን ግን እስከ 100 ዶላር የሚደርስ «የመሥራች» ጥቅል ይሸጥ ነበር። ጥቅሉ ወደፊት ለሚመጡ ካራክተሮች መክፈቻ የሚሆን ቲኬት ይሰጣል። በሜይ 2025 ሰርቨሩ ተዘጋ። ገና ላልተሠራ ካራክተር አስቀድሞ መክፈል ማለት ይህ ነው።

ስለ ኦንላይን አንድ ነገር ልበል። ሻጮች «ከዓለም ጋር ትጫወታለህ» ይላሉ። ሮልባክ የሚባለው ዘዴ የኢንተርኔቱን መዘግየት በደንብ ይሸፍናል፤ ርቀትን ግን አያጠፋም። መልእክት ሄዶ ለመመለስ 150 ሚሊሰከንድ ከፈጀ 9 ፍሬም ነው። ያቺ የአንድ ፍሬም ቡጢ ትዝ ይበላችሁ። በዚያ ላይ ፕሌይስቴሽን ላይ እነዚህን በገንዘብ የሚሸጡትን ጌሞች ኦንላይን ለመጫወት ፕላስ የሚባለው ክፍያ አለ፤ እሱም በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ የትኛውን ጌም ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው፣ ሰፈርህ ያለው ልጅ የሚጫወተውን ግዛ ነው። የላሆሩ አርስላን አሽ በ2019 ኢቮ የሚባለውን ትልቅ የድብድብ ጌም ውድድር፣ የጃፓኑንም የላስ ቬጋሱንም፣ በቴከን 7 ሲያሸንፍ፣ ፓኪስታን ውስጥ ገና ብዙ ጠንካራ ተጫዋቾች እንዳሉ ተናግሮ ነበር። የተሞረደው ከእነሱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው።

አሁንም አልቲሜቱን ካልገዛሁ የምትሉ ካላችሁ፣ ሻጩ ፊት ወረቀቱን አውጡት፤ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ኮዱን እዚያው ስልካችሁ ላይ፣ በራሳችሁ አካውንት አስገቡት። ካልተቀበለው፣ ወይም ሻጩ «ቤት ሄደህ ሞክረው» ካለ፣ በተራው ዋጋ ካልሸጠላችሁ ትታችሁት ሂዱ።