ቀረጻን ከነቃሉ ላስተማሩኝ ጋሼ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ወራት ዘግይቻለሁ። ዛሬ ግን ሳልጽፍ አላድርም።

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ጀማሪዎችን ቀረጻ የሚያስተምሩ ሰው አሉ። ተማሪዎቻቸው ጋሼ ብቻ ነው የምንላቸው። ከቪኤችኤስ ካሴት ዘመን ጀምሮ ካሜራ ከትከሻቸው አልወረደም። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አልጠቅስም። ስልካቸውን ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ ፈቅደውልኛል።

ወደ እሳቸው የወሰደኝ የአክስቴ ልጅ ምላሽ ነው። ካሜራ ተከራይቼ እኔ ነበርኩ የቀረጽኩት። ቤት ገብቼ ስከፍተው አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸው ሁሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይወርዳል። አክስቴ ሙሽሮቹን እያለቀሰች ስትመርቅ፣ መስመሩ ፊቷ ላይ ነው። ያ ምርቃት አይደገምም። ካሜራውን ያከራየኝን ልጅ ብጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ።

ጋሼ ቪዲዮውን ጥቂት ሰከንድ አዩና «ሻተሩን ስንት ላይ አድርገሽ ነበር?» አሉኝ። ሻተር ማለት ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ነው፤ የእኔ 1/250 ሰከንድ ነበር። ከዚያ ወረቀት አውጥተው አስረዱኝ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስም መብራቱ ሁለት ጊዜ ይደምቃል። ስለዚህ ብዙው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ዓይናችን አይለየውም፤ ካሜራ ግን ይይዘዋል። ሻተሩ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ሲሆን ከመብራቱ ጋር ይስማማል፣ መስመሩም ይጠፋል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ 1/50 እንቅስቃሴውንም ዓይን የለመደው ዓይነት ያደርገዋል። የዚያን ቀን ተመዘገብኩ።

ስድስት ቅዳሜ ተማርኩ። እኔ ካሜራ ሲንቀሳቀስ ሁሉንም «ማዞር» ነበር የምለው። ብሔራዊ ትያትር አጠገብ ያለው የአንበሳ ሐውልት ዘንድ ወስደውን አንድ በአንድ አሠሩን። ካሜራው ባለበት ሆኖ ወደ ጎን ሲዞር ፓን ነው። ከአንበሳው እግር ተነስቶ ወደ አናቱ ቀና ሲል ቲልት ነው። «ሳትጀምሩ 5 ሰከንድ ቁሙ፣ ስትጨርሱም 5 ሰከንድ ቁሙ። ኤዲተሩ የት ይቁረጥላችሁ?» ይሉ ነበር። ቀጥሎ አንበሳውን ከሩቅ በዙም፣ ከዚያም በእግራችን ቀርበን ቀረጽነው። በዙሙ ከኋላው ያለው ሕንጻ ጀርባው ላይ የተለጠፈ መሰለ። ስንቀርብ ደግሞ ሕንጻው ወደ ኋላ ሸሸ፣ አንበሳው ገዘፈ። ዙም ማድረግና መቅረብ አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ከሁሉም የማልረሳው የማኪያቶውን ትምህርት ነው። ሁለት ተማሪዎችን ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡ። «በሁለቱ መሀል መስመር አለ በሉ። ከመስመሩ ወዲህ ሆናችሁ እንደፈለጋችሁ ቅረጹ፤ ወዲያ ማዶ ግን አትሻገሩ።» ከዚያ አንዱን ልጅ ሆን ብለው አሻገሩት። ሁለቱን ሾት አገጣጥመው ሲያሳዩን፣ ፊት ለፊት ያወሩ የነበሩት ልጆች ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ያያሉ። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች መሰሉ! 180 ዲግሪ የሚባለው ሕግ ይህ ነው። ስንት ቪዲዮ ላይ አይቼው አልገባኝም ነበር።

ስለ ብርሃንም ጥብቅ ናቸው። በቀትር ፀሐይ ሰው ፊት ላይ ካሜራ ስትደቅን ካዩ ያስቆሙሃል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይን ስር ጥላ ትጥላለች። ወይ ጥላ ፈልግ፣ ወይ ጠዋት 1 ሰዓት ና።

ድሮንና ኤዲቲንግ አያስተምሩም፤ ያንን የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። ካሜራ መግዛትም አያስፈልግም፤ ክፍላችን ውስጥ ግማሹ በስልክ ነው የተማረው። ደብተር ግን ያዙ፣ ቃሉን በእጃችሁ ያስጽፏችኋል። ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። አክስቴም ሰላም ብላለች፤ በመስከረም ለሁለተኛዋ ልጇ ሠርግ ቀራጭ እኔው ነኝ።