ኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ፣ አሪፍ ነው ግን...

ለማስተርስ አውሮፓ ለምታስቡ ኢራስመስ ሙንዱስ በጣም አሪፍ ነው፣ የትምህርት ክፍያ የለም፣ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣሉ፣ ቢያንስ ሁለት አገር ነው የምትማሩት። ግን ቲኬቱም ቪዛውም ኪራዩም ከዛችው ብር ነው የሚወጣው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዛ ደርሳችሁ ባንክ አካውንት ከከፈታችሁ በኋላ ስለሚገባ ቤተሰብ ማስቸገር አይቀርም፣ አከራዩ ዲፖዚት አምጡ ሲል ከየት ይምጣ? አገር መቀየሩም ለፎቶ ያምራል እንጂ ሻንጣ መጎተት ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ወረፋ እንደ አዲስ ይጀመራል ወይ ጉድ። ደስ የሚለው ከባንግላዴሽ ከብራዚል ከናይጄሪያ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ኪችን ውስጥ እኛ ሽሮ እነሱ ቢርያኒ እየሰራን የግሩፕ ፕሮጀክት እዛው ስንጨቃጨቅ ማምሸታችን ነው 😂 ማመልከቻው ነፃ ነው፣ ላስገባልህ ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ እንዳትሰሙ።