«ኢንትራንስ ካውንስሊንግ»፦ ይነግራል እንጂ አያስቆጥርም

አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት የተማሪ ብድር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ የኮሌጅ ተማሪ፣ ገንዘቡ ሳይለቀቅለት ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ «ኢንትራንስ ካውንስሊንግ» የሚባለውን ትምህርት መጨረስ አለበት። ነጻ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሃል ላይ ካቋረጡት እንደገና ስለሚያስጀምር ተረጋግቶ በአንድ መቀመጫ መጨረስ ይሻላል።

ይዘቱ ትክክለኛና ግልጽ ነው። በተለይ ሰብሲዳይዝድና አንሰብሲዳይዝድ የሚባሉትን ብድሮች ልዩነት በደንብ ያስረዳል፦ የመጀመሪያው ተማሪው ቢያንስ ሃፍ ታይም (የሙሉ ጊዜ ትምህርት ግማሽ) እስከተማረ ድረስ ወለዱን መንግሥት ይሸፍንለታል፤ ሁለተኛው ግን ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል።

ድክመቱ ሌላ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚከፍተው ትምህርት ቤቱ ተመርጦ፣ ቢሉ ደርሶ፣ ነሐሴ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው «ስንት ልበደር?» መሆኑ ቀርቶ «ቶሎ እንዴት ልጨርሰው?» ይሆናል። ስለዚህ ስሌቱን ወረቀት ላይ ራሳችሁ ሥሩት።

በወላጅ ሥር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የብድር ጣሪያው 5,500 ዶላር ነው፤ ከዚህ ሰብሲዳይዝድ ሊሆን የሚችለው ቢበዛ 3,500 ነው። በ2025–26 ወለዱ 6.39 በመቶ ስለሆነ፣ የቀረው 2,000 አንሰብሲዳይዝድ ቢሆን በቀን 35 ሳንቲም ገደማ ይወልዳል። አራት ዓመት ተምሮ፣ ከምረቃ በኋላ ያለው የስድስት ወር እፎይታ እስኪያበቃ ድረስ ወለዱ ብቻ ከ500 ዶላር ያልፋል። በየወሩ 11 ዶላር የሚከፍል ተማሪ ግን ከዚህ ነጻ ይወጣል። ሌላው፣ 1.057 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከላይ ይቆረጣል፤ 5,500 ተበድራችሁ ትምህርት ቤቱ ጋ የሚደርሰው 5,442 ገደማ ነው። ቢሉ ላይ የጎደለው ገንዘብ ስህተት የሚመስለው ለዚህ ነው።

ከካውንስሊንጉ በፊት ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን የእርዳታ ደብዳቤ አውጡ። ብዙ ጊዜ ግራንቱ (የማይመለሰው እርዳታ)፣ ወርክ ስተዲውና ብድሩ አንድ ላይ ተደርድረው ይደመራሉ። ብድሩን ሰርዙበት፤ ወርክ ስተዲውንም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ልጁ ሠርቶ በደመወዝ የሚያገኘው እንጂ ከቢሉ ላይ የሚቀነስ አይደለም። የቀረውን ግራንት ከቢሉ ላይ ቀንሱ፤ የሚተርፈው ነው እውነተኛው ጉድለት። መጀመሪያ ሰብሲዳይዝዱን ተቀበሉ፤ አንሰብሲዳይዝዱን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። የቀረበላችሁን ሁሉ መውሰድ ግዴታ አይደለም።

ከቢሉ የተረፈ የብድር ገንዘብ «ሪፈንድ» ተብሎ የልጁ ባንክ ከገባም ብድር ነው፤ ስጦታ አይደለም። ገንዘቡ ከተለቀቀ በ120 ቀን ውስጥ ከተመለሰ በተመለሰው ገንዘብ ላይ ወለድም የአገልግሎት ክፍያም አይታሰብም። ይህች ደንብ በጣም ጠቃሚ ሆና ሳለ የሚጠቀምባት ጥቂት ነው።

ትልቁ ክፍተት ያለው ወላጆች ጋ ነው። ፓረንት ፕላስ የሚባለው፣ ወላጅ በራሱ ስም ለልጁ ትምህርት የሚወስደው የመንግሥት ብድር፣ ክሬዲቱ ችግር ለሌለበት ወላጅ ያለ ምንም ትምህርት ይሰጣል። በ2025–26 ወለዱ 8.94 በመቶ፣ የአገልግሎት ክፍያው 4.228 በመቶ ነው፤ 10,000 ሲበደሩ 423 ዶላር ገና ከመነሻው ይቆረጣል። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ይህም ቢሆን ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ሸክም ነው። ካውንስሊንጉ በአማርኛ ስለሌለ፣ ልጁ ሲሠራው አብራችሁ ተቀመጡና ወለድ የሚለውን ክፍል እየተረጎመ ያንብብላችሁ።