ጠጠሩን በደንብ ሰባበሩት፤ የጨረሩን መጠን ግን ማን ይጻፍልኝ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ሆስፒታል ገብቼ የኩላሊት ጠጠሬን በሾክ ዌቭ (ሳይቀደድ፣ ከውጭ በማሽን በሚመታ ሞገድ) አሰብሬ ወጥቻለሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ቀጠሮ ይዛችሁ ለምትጠባበቁ ግን ይጠቅማችኋልና ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደህናውን። ጠጠሬ 9 ሚሊሜትር ነበር፣ እዚያው ኩላሊት ውስጥ የተቀመጠ። ዋጋውን ቀድመው ነገሩኝ፤ በኋላ «ይሄም አለ» ብለው አልጨመሩብኝም። ዩሮሎጂስቱ (የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪሙ) ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ኢንፌክሽን እንደሌለብኝም በሽንት ምርመራ ካረጋገጠ በኋላ ነው ያስገባኝ። ከእኔ በፊት የገባችውን ሴት እርጉዝ አለመሆኗን አጣርተዋል። ይህ ትክክል ነው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ይህ ሕክምና አይሠራም። ሕመሙም የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ማስታገሻ ሰጡኝና ጎኔን በላስቲክ ጠብ ጠብ እንደማድረግ ያህል ተሰማኝ። ምቱንም አላጣደፉትም፤ በደቂቃ 60 አካባቢ ነበር። በደቂቃ 120 ቢመቱ ቶሎ ያልቃል፣ ነገር ግን ቀስ ሲባል ጠጠሩ የተሻለ ይደቃል፣ ኩላሊቱም ያን ያህል አይጎዳም። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አሁን ወደ ጨረሩ። ብዙ ሰው ጨረር የሚባለው የሚመታው ሞገድ ራሱ ይመስለዋል። አይደለም። ምቱ እንደ ድምፅ ያለ የግፊት ሞገድ ነው፤ በጄልና በውሃ ከረጢት በኩል ገብቶ ጠጠሩ ላይ ይሰበሰባል። ጨረሩ የሚመጣው ጠጠሩን ለማነጣጠር ከሚበራው ራጅ ነው። ፍሎሮስኮፒ ይሉታል፦ ፔዳሉ እስከተረገጠ ድረስ ስክሪኑ ላይ እንደ ቪዲዮ የሚሄድ ራጅ። ሕክምናው በ1980 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ሲጀመርም (ማሽኑን የሠራው ዶርኒየር የሚባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ነበር) በሽተኛውን ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ጠጠሩን ያነጣጠሩት በራጅ ነው።

አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ባለሙያ እግር አየው ነበር። ጠጠሩን መስቀለኛው ምልክት ላይ ለማምጣት ሲ-አርሙን (ራጁን የያዘውን ቅስት ክንድ) አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ዘንበል ያደርገዋል። ይሄ የግድ ነው፤ ከሁለት አቅጣጫ ካልታየ ጥልቀቱ አይታወቅም። ግን አልጋውን ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅስ እግሩ ከፔዳሉ አልተነሳም። ከነርሷ ጋር ስለ ቀጣዩ ታካሚ ሲያወራም እንደረገጠ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። 5 ደቂቃ ሲሞላ ማሽኑ ጮኸ፤ እሱም ሳያይ አንድ ቁልፍ ነካ አድርጎ ዝም አሰኘውና ቀጠለ።

«ምንድነው የጮኸው?» አልኩት።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ሰዓት ነው።»

አዎ ሰዓት ነው፣ ግን የራጁ ሰዓት ነው። ያ ድምፅ የተሠራው ሰውየው ቆም ብሎ «ይበቃ ይሆን?» እንዲል ነው። ፔዳሉን ነካ አድርጎ ቢለቅ እኮ የመጨረሻው ምስል ስክሪኑ ላይ ይቀራል፣ በዚያው መሥራት ይችላል። ራጁን በተከታታይ ሳይሆን ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ እንዲሰጥ ማስተካከል፣ ጨረሩን ጠጠሩ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ማጥበብ፣ ምስል ተቀባዩን ወደ ሰውነት ማስጠጋት፣ እነዚህ ሁሉ ተጨማሪ ብር አያስወጡም። ደግሞ ማሽኑ ላይ አልትራሳውንድ ተገጥሞለት ነበር፣ ሽፋኑ እንኳ አልተነሳም! አልትራሳውንድ ምንም ጨረር የለውም፣ ኩላሊት ውስጥ ያለ ጠጠርን ደግሞ ያሳያል። ጠጠሩ ወደ መሀል ሽንት ቱቦ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ይገባኛል፤ እዚያ አንጀቱና አጥንቱ ስለሚከልለው ራጅ ያስፈልጋል። የእኔ ግን እዚያ አልነበረም።

እንዳትፈሩ፣ በዚህ ምክንያት ሕክምናውን አትተዉ። የአንድ ጊዜ ሕክምና ጨረር ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አያልፍም፤ ከመሬትና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚደርሰን እንኳ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ነው። ወፍራም ሰው ላይ ግን ማሽኑ ራሱ ኃይሉን ስለሚጨምር መጠኑ ከፍ ይላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ድምሩ ነው። ጠጠር ተመላሽ በሽታ ነው። ከሕክምናው በፊት የሚታዘዘው የተለመደው የሆድ ሲቲ ስካን ብቻውን 10 ሚሊሲቨርት አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ ለጠጠር ተብሎ ጨረሩ ዝቅ ተደርጎ ሲነሳ ግን ከ3 በታች ማውረድ ይቻላል። በጨረር ለሚሠራ ባለሙያ በአማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት የሚል ገደብ ተቀምጦለታል። ለታካሚ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም፤ ሕጉ «አስፈላጊ ይሁን፣ ከሚያስፈልገውም አይብለጥ» ነው የሚለው። ስለዚህ እኛን የሚጠብቀን የዚያ ሰውዬ እግር ነው ማለት ነው።

ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ 2,500 ምት እንደተመታሁ ተጽፏል፣ የምቱ ኃይልም አለ። የራጁ ደቂቃ የለም፣ መጠኑም የለም። ሁለቱም እኮ ስክሪኑ ላይ ነበሩ! እንዲጽፉልኝ ስጠይቅ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በትህትና «እንዲህ ጠይቆን የሚያውቅ የለም» አለችኝ። እንግዲያው እንጠይቅ። ከመግባታችሁ በፊት «በአልትራሳውንድ ማነጣጠር ይቻላል ወይ? የራጁ ደቂቃስ ይጻፍልኛል ወይ?» በሉ። ሐኪሙ አይከፋውም። የእኔው ዩሮሎጂስት ለክትትል ሲቲ ሊያዝልኝ ሲል «በአልትራሳውንድና በተራ ራጅ አይበቃም ወይ?» አልኩት፤ ጥቂት አሰበና ወረቀቱን ቀየረልኝ።

ለሕክምናው ከ5 4 እሰጣለሁ፣ ለጨረር ጥንቃቄው 2።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እነሱ አልነገሩኝም። ቤት ስትገቡ ሽንታችሁን በወንፊት አጥልሉና የወጣውን ስብርባሪ በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ለምርመራ ውሰዱት። ከዩሪክ አሲድ የተሠራ ጠጠር በራጅ አይታይም፤ የእናንተ ያ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ፔዳል እየረገጡ ሲፈልጉት ከሚውሉ ገና ከመጀመሪያው በአልትራሳውንድ ይጀምሩላችኋል፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ሊሟሟ ስለሚችል ማሽኑ ራሱ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።