ጣፎ ያለው ሞዴል ሠሪ የአባዬን አውሮፕላን እንዴት እንደሠራልኝ (ቅር ያለኝም አለ)

ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ቡፌው ላይ ያለችውን የሞዴል አውሮፕላን እያየ "ማን ነው የሠራላችሁ?" ስለሚለኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የሠሪው ቤት ጣፎ ነው፣ ባቡሩ አያት ላይ ሲያልቅ ወርዳችሁ ባጃጅ ትይዛላችሁ፣ ታፔላ ምናምን የለውም፣ በር ላይ ግማሹ የተሠራ የፎቅ ሞዴል ተደግፎ ካያችሁ ደርሳችኋል። የልጁ ዋና ሥራ የሪል እስቴት ሞዴል ነው፣ ያው ሽያጭ ቢሮ ስትገቡ መስታወት ውስጥ የሚያሳዩዋችሁ ትንንሽ ዛፍና ትንንሽ መኪና ያለበት (ሞዴሉ በ2 ወር ያልቃል፣ ቤቱን እግዜር ይወቀው)። አውሮፕላን ሠርቶ አያውቅም ነበር፣ መጀመሪያ ስሄድም እሱኑ ነው የነገረኝ፣ እኔ ደግሞ አለማወቁን ማመኑን ወደድኩለት።

አውሮፕላኗ የአባዬ ናት። አባዬ ዕድሜያቸውን አየር መንገድ ጥገና ክፍል ጨርሰው ነው ጡረታ የወጡት፣ ሞዴሏን ድሮ አንድ የትኬት ቢሮ ዕቃ ሲቀይር "ውሰዳት" ብለው ሰጥተዋቸው ያመጧት ናት፣ እኔ ገና ሳልወለድ። እማዬ ከሥሯ ዳንቴል ሠርታ አንጥፋላት ስንት ዓመት ማንም ሳይነካት ኖራ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ዕቃ ጫኞቹ ፍራሽ ላይ አስቀምጠዋት ፍራሹን ሲያነሱት ወደቀች በቃ። ግራ ክንፏ ከሥሩ ተገነጠለ፣ በቀኝ ዳር ያለው ሞተር የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ፣ የጭራዋ ጫፍ ተሸረፈ፣ አፍንጫዋ ጋ ያለው የይሁዳ አንበሳ ደግሞ በግራ በኩል ከነቀለሙ ተላጠ። አባዬ ምንም አላሉም፣ ስብርባሪውን ለቅመው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት፣ ዝም ማለታቸው ነው የከፋኝ።

ጣፎ ከመሄዴ በፊት መሃል ከተማ አንድ ቦታ ሰጥቼ (ስም አልጠራም) በሱፐር ግሉ ለጥፈው በአንድ ሰዓት ውስጥ አስረከቡኝ። ክንፉ ወደ ላይ ተንጋዶ እንደተቆጣ ዶሮ ሆነች፣ ሙጫው በደረቀበት ዙሪያም እንደ ጭጋግ ነጭ ነገር ወጣበት፣ ሳምንት ሳይሞላው ራሱ ወደቀ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ነው የሚቀረው፣ ክንፍን የሚያክል ክብደት ወደ ታች ሲስበው ቀጭ ይላል። 300 ብር ለዚህ።

የጣፎው ልጅ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሜትር ማውጣት ነው። እኔ "ቦይንግ 707 ናት" ብዬዋለሁ፣ 4 ሞተር ስላላት። መቆሚያዋ ላይ 1፡100 ይላል (የሷ 1 ሳንቲ የእውነተኛዋ 1 ሜትር ነው ማለት ነው)፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ለካት፣ 42 ሳንቲ ልትሞላ ትንሽ ቀራት። ስልኩን ከፈት አድርጎ አየና "እህቴ፣ 707 ብትሆን ከ44 ሳንቲ አታንስም፣ ይቺ 720 ናት" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ትክክለኛዋ 720ቢ ርዝመቷ 41.68 ሜትር ነው፣ የ707 ታናሽ እህት በሏት። ማታ ለአባዬ ስነግራቸው "ሰባት ሃያ ናት እያልኩሽ አይደል ወይ 30 ዓመት ሙሉ" ብለው ሳቁብኝ። እና ከዛ በኋላ ነው "እኔም ልይ ይሄን ልጅ" ያሉት።

ክንፉን እንዴት እንደሠራው ቆሜ ስላየሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የድሮውን ሙጫ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ አሴቶን እየነካ ነው ያስለቀቀው፣ በጣም በትንሹ፣ ምክንያቱም አሴቶኑ ሙጫውን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ይበላል። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ከዛ በትንሽ ትራፓኖ ከክንፉም ከሆዷም 2 2 ቀዳዳ በሳ፣ ከብስክሌት ጎማ ላይ የተቆረጠ ሽቦ አስገባበት፣ ከ2 ቱቦ የሚቀላቀለውን ኢፖክሲ ቀባና ገጠመው። ሙጫው ሳይደርቅ ክንፉ እንዳይንጋደድ ደግሞ ከደህናው ክንፍ ላይ በካርቶን ፎርማ ቆርጦ ነበር፣ ገልብጦ በግራ በኩል ደገፈበትና "እስከ ነገ ማንም እንዳይነካት" ብሎ ሸፈናት። የዚች አውሮፕላን ክንፍ 35 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፣ በዛ ላይ ወደ ጫፉ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ በዓይን ገምታችሁ ብትለጥፉት ያው ዶሮዋ ትመጣለች። ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት እያረጠበ አሸው፣ መጨረሻ ላይ 2000 ቁጥር፣ አሁን ጣቴን ሳሳልፍበት የት ጋ እንደነበረ አላገኘውም።

አባዬ የመጡት በሞተሩ ቀን ነው። ልጁ ሲሊኮን ውስጥ ደህናውን ሞተር ነክሮ ቅርጹን አውጥቶ ሬዚን ሊያፈስበት ሲል አባዬ በርጩማቸው ላይ ሆነው "የቱን ነው የቀዳኸው?" አሉት። "ይሄን ጋሼ፣ መሃለኛውን።" "አይሆንም ልጄ፣ የጠፋው ቁጥር 4 ነው፣ 1ን ቅዳ።" ሞተር የሚቆጠረው ከግራ ጀምሮ ነው፣ 1 እና 4 ዳር፣ 2 እና 3 መሃል፣ ይቺ ሞዴል ላይ ደግሞ የዳሮቹ ማንጠልጠያ ከመሃሎቹ ትንሽ ይለያል፣ እኔ በሕይወቴ አስተውዬው አላውቅም። ልጁ ሳያንገራግር ሲሊኮኑን እንደገና ሠራ። ቁጭ ብለው ሲጠብቁ አባዬ ጀመሩት ወሬውን፣ የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አይሆንም ነበር፣ ቦሌ የተሠራው ለነዚህ ነው፣ በ1955 ነው ጄቶቹ የመጡት፣ እያሉ። ጭራዋ ጋ ያለው መለያ ፊደልም የመጨረሻው ጠፍቶ "ኢቲ-ኤኤ" ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ልጁ "ጂ ነው ኤች ጋሼ?" ሲላቸው "ኤች አድርገው። ጂ በ1960 ቤይሩት ላይ ተሰብራ ቀረች፣ እኔ የገባሁት በ61 ነው፣ አላውቃትም" አሉ። ኤች ሆነች።

አንበሳው ከቀኙ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ብርሃን በሚያሳልፍ ስቲከር ታተመ። ማተሚያው ወርቅማ ቀለም ስለማያወጣ ሰናፍጭ መስሎ መጣ፣ ልጁ በቀጭን ብሩሽ ከላይ ወርቅማውን ደረበበት። ከቅርብ ካላያችሁት አይለይም።

አሁን ቅሬታዬ። አንደኛ ቀኑ፣ 10 ቀን ብሎኝ 5 ሳምንት ፈጀ፣ ግማሹ የመብራት ነው (መብራት ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ አይሠራም)፣ ግማሹ ግን የሪል እስቴት ሥራ ሲመጣለት የኔን ወደ ጎን እያደረገ ነው፣ ስደውልም "ነገ ነገ" ነው። ሁለተኛ ነጩ ቀለም። የአውሮፕላኗ ነጭ በዘመን ብዛት ወደ ቅቤ መልክ ሄዷል፣ እሱ የጭራዋን ጫፍ ከቀለም ቤት ባመጣው ድፍን ነጭ ቀብቶት አዲስ ጥርስ የተተከለላት መሰለች። ስናገረው ሳይከፋ ጠብታ ቢጫና የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ቀላቅሎ ደገመው፣ ቤት ውስጥ አይታወቅም፣ ፀሐይ ላይ ግን አሁንም ይለያል።

ሦስተኛው ነው ዋናው። ደህናውን ቀኝ ክንፍ ማንም ሳይነግረው "ላብራላችሁ ብዬ" አሸው። እዛ ክንፍ ላይ 2 ሚሊ የማይሞሉ ፊደላት ነበሩ፣ "ኖ ስቴፕ" የሚሉ፣ አትርገጥ ማለት ነው፣ አባዬ ልጅ ሆነን በማጉያ መነጽር ያሳዩን የነበረው እሱን ነው። ጠፋ። ልጁ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከሒሳቡ 1000 ብር ልቀንስ አለ፣ ቀነሰም፣ ግን ፊደሉ በምን ይመለሳል። አባዬ ክንፉን ወደ መስኮቱ አዙረው ሲያዩት ቆዩና "እንግዲህ አሁን መርገጥ ይቻላል" አሉ። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

በጠቅላላው 5500 ብር ከፈልኩ፣ ለሥራው አይበዛም፣ የክንፉና የሞተሩ ብቻ ያንን ያወጣል። ነገ ሌላ ነገር ቢሰበርብኝ ለሱ ነው የምሰጠው፣ ግን እንዳይነካ የምፈልገውን ቦታ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ "አይነካም" ብዬ ጽፌ ነው የምወስደው። ሳትሰጡት በፊት ሁሉንም ጎን ፎቶ አንሱ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ጠዋት ሪል እስቴቶቹ ስለሚገቡ ቁጭ ብላችሁ ነው የምትውሉት፣ ወንበሩ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።