ራሙ አይደለም፣ ሲግናል 9 ነው

መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ስልክ፣ ተርሙክስ (ስልክ ላይ የሊኑክስ ትእዛዞችን የሚያስኬድ አፕ) እና የብሉቱዝ ኪቦርድ ለፓይተንና ለኖድ የፕሮግራሚንግ ሥራ ላፕቶፕን ከተኩልኝ ወራት ሆኗቸዋል። ኮዱ ይሠራል፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊትም ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ስለዚህ ብዙ አልልም። ነገሬ ሰርቨር አስነስታችሁ፣ ለአፍታ ወደ ክሮም ሄዳችሁ ስትመለሱ ስለሚጠብቃችሁ መስመር ነው፦ «ፕሮሰስ ኮምፕሊትድ፣ ሲግናል 9»።

ይህ ማለት ፕሮግራሙ በራሱ ስህተት አልወደቀም፣ ሲስተሙ ገድሎታል። ኤዲተራችሁ ቪም ከነበረ ስዋፕ ፋይሉ (ለአደጋ የሚይዘው ቅጂ) ያተርፋችኋል፤ ናኖ ላይ ሳታስቀምጡ የጻፋችሁት ግን ሄደ።

የሻጮች መልስ የታወቀ ነው፦ «ራም አንሶህ ነው ወንድሜ፣ ባለ 12 ጊጋውን ውሰድ።» ብራችሁን ያዙ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ሲስተሙ አፖች የሚያስነሷቸውን ንዑስ ፕሮሰሶች «ፋንተም» ብሎ ይቆጥራል፤ በነባሪው የሚፈቅደውም 32 ነው፣ ከዚያ ያለፈውን ይገድላል። ለአንድ አፕ 32 እንዳይመስላችሁ፣ የመላው ስልክ ድምር ነው። ከጀርባ ሆኖ ሲፒዩ የሚያበዛም ቁጥሩ ሳይሞላ ሊገደል ይችላል። ተርሙክስ ውስጥ እያንዳንዱ ባሽ (ትእዛዝ ተቀባዩ)፣ ኖድ፣ ኖዱ የሚጠራው ኢኤስቢልድ (ኮድ አጠናቃሪው)፣ ኤዲተሩ የሚቀሰቅሰው ላንጉጅ ሰርቨር (ስትጽፉ ስህተት የሚጠቁመው) ሁሉም ይቆጠራሉ። ራሙ 12 ሆነ 16፣ ጣሪያው ያው ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ዌክ ሎክን ነው። እሱ ሲፒዩው እንዳይተኛ ያደርጋል እንጂ ከዚህ ግድያ አያስጥልም። ባትሪ ኦፕቲማይዜሽንን ማጥፋትም ብቻውን አይበቃም፤ ቢሆንም አጥፉት፣ አምራቾች የራሳቸውን ባትሪ ቆጣቢ ስለሚጨምሩበት።

አንድሮይድ 14ና ከዚያ በላይ ላይ መፍትሔው አንድ ማብሪያ ነው። አባውት ፎን ገብታችሁ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ንኩ፤ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ «ዲሴብል ቻይልድ ፕሮሰስ ሪስትሪክሽንስ» የሚለውን አብሩና ስልኩን ሪስታርት አድርጉ። አለቀ።

አንድሮይድ 13 ላይ ግን መንገዱ ይረዝማል። ኮምፒውተር አያስፈልግም (ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን ምን ብሎ ያነባል?)። ተርሙክስ ውስጥ አንድሮይድ ቱልስን (ኤዲቢ የሚባለው፣ ስልኩን በትእዛዝ የሚያዝዘው መሣሪያ ያለበትን ጥቅል) ጫኑና ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ዋየርለስ ዲበጊንግን አብሩ። በሞባይል ዳታ ብቻ አይበራም፣ ዋይፋይ ይፈልጋል፤ የሌላ ሰው ስልክ ሆትስፖት ይበቃል። ከዚያ ስክሪኑን ለሁለት ክፈሉት፣ አለበለዚያ ባለ 6 አሃዙን የማጣመሪያ ኮድ አይታችሁ ወደ ተርሙክስ ስትሻገሩ መስኮቱ ይዘጋና ኮዱ አይሠራም። ለኤዲቢ ፔር ከኮዱ ጋር የሚታየውን ፖርት፣ ለኤዲቢ ኮኔክት ደግሞ ዋናው ገጽ ላይ ያለውን ተጠቀሙ፤ ሰው ሁሉ የሚጣበቀው እዚህ ጋ ነው። በመጨረሻ ኤዲቢ ሼል ውስጥ «ሴቲንግስ ፑት ግሎባል»፣ ቀጥሎ በአንደርስኮር የተያያዘ «ሴቲንግስ ኢነብል ሞኒተር ፋንተም ፕሮክስ» (settings_enable_monitor_phantom_procs)፣ ከዚያ «ፎልስ»፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት።

ትየባውስ? የስክሪኑ ኪቦርድ ግማሹን ገጽ ይበላል፤ ለአጭር እርማት ግን ይሆናል። ተርሙክስ ውስጥ ቮልዩም ዳውን እንደ ኮንትሮል ይሠራል፤ ቮልዩም አፕ ከኢ ጋር ኤስኬፕ፣ ከቲ ጋር ታብ ይሆናል። የአማርኛ ኪቦርድ ሳትቀይሩ ከጻፋችሁ ፓይተን «ኢንቫሊድ ካራክተር» ይላል፤ «፡» እና «:» በትንሽ ስክሪን ላይ አይለዩም። የሚገርመው፣ ፓይተን 3 የቫርያብል ስም በፊደላችን ብትሰጡት ይቀበላል፤ እንቢ የሚለው ሥርዓተ ነጥባችንን ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ተርሙክስን ኤፍድሮይድ ከተባለው የነጻ አፖች መደብር አውርዱ፣ ተጨማሪዎቹንም ከዚያው። ፕሮጀክት ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ፣ እዚያ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) ስለማይፈቀድ ኤንፒኤም (የኖድ ጥቅል ጫኚው) ይከሽፋል። ነምፓይን (የፓይተን የሒሳብ ጥቅል) በፒፕ፣ ማለትም በፓይተን ጫኚ፣ ለመገንባት አትድከሙ፤ በተርሙክሱ ጫኚ በፒኬጂ ተዘጋጅቶ አለ።

ስልኩን አልሸጠውም፣ ያ ማብሪያ ከበራ ወዲህ ሰርቨሩ ውሎ ያድራል። ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ስለ ራምና ስለ ካሜራ ሲያወራ ሴቲንግስ ከፍታችሁ የአንድሮይዱን ቁጥር እዩ፤ 12 ወይም 13 ከሆነና አፕዴት የማይመጣለት ከሆነ ዋጋው ላይ ጠንክራችሁ ተከራከሩ።