ሃያ ሁለት አካባቢ ቢሮ የምትፈልጉ ማኅበራት፣ ይህን ሳታነቡ ብር አትላኩ

ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደል ብስት ይቅርታ።

ደላላውን፣ «ዛሬ ካልወሰዳችሁት ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» የሚለውን፣ «ነገ ይጠገናል» የተባለለትን ሊፍት ሁላችሁም ስለምታውቁት አላደክማችሁም። እኛ አሥራ አንድ በጎ ፈቃደኞች ነን፤ አንድም ደመወዝተኛ የለንም። መስከረም ሳይጠባ ደብተርና ዩኒፎርም ሰብስበን ለተማሪዎች እናድላለን። እስከ አምና የምንሰበሰበው በአንዷ አባላችን እናት ሳሎን ነበር። ቤቱ በኮሪደር ልማት ፈረሰና ካርቶናችንን ታቅፈን ቀረን። ለፈቃዳችንም አድራሻ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት የቢሮ ኪራይ የሚቆጠረው አስተዳደራዊ ወጪ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጠቅላላ ገቢያችን 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። የእኛን ገቢ ለሚያውቅ ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ርካሽ ቢሮ ስናይ ዓይናችን ይፈዛል። ፈዘዘም።

24 ካሬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የመስታወት በር፣ በወር 12,000 ብር፣ የስድስት ወር ቅድሚያ። ደላላው ያገናኘን ሰውዬ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ከፈተልን፤ እኔም ባለቤቱ ነው ብዬ አረፍኩት። ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለቤት ነው? ካርታ ልይ አላልኩም። ታች ያለውን የሕንጻ አስተዳደር እንኳን አልጠየቅኩም፤ በየቀኑ በበራቸው እያለፍኩ!

«እህቴ» ነበር የሚለኝ። «እናንተ የእግዜር ሥራ ነው የምትሠሩት፣ እኔ ከእናንተ አላተርፍም።» ውልና ማስረጃ እንሂድ ስለው «በእህትና በወንድም መካከል?» ብሎ የተቀየመ መሰለ። ደረሰኝ ስጠይቀው 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል አለኝ። በ72,000 ላይ 10,800 ብር። በልቤ ስንት ደርዘን ደብተር እንደሚገዛ አሰላሁና ይቅር አልኩ።

የማኅበሩ ሒሳብ በጥምር ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ሰብሳቢያችን ክፍለ ሀገር ነበረች። «እስከ ማታ ካልሆነ ለሌላው እሰጠዋለሁ» ሲለኝ መዋጮው ተጠራቅሞ ከነበረበት ከራሴ ሒሳብ በስልኬ ላክሁለት። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የቢሮ ኪ» ብዬ እንደጀመርኩ ከትከሻዬ በላይ አየና «ኪራይ አትበይ እህቴ፣ ገቢዎች ያስቸግሩኛል። የብድር ተመላሽ በይው» አለኝ።

አልኩት። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ባንክ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አልኩት!

ሃያ ሦስት ቀን ተቀመጥንበት። ትናንት ደብተር ልቆጥር ስወጣ በሩ ላይ ወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጥበቃው «አስተዳደር ጠይቂ» አለኝ። ወረድኩ። አስተዳዳሪው ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው፤ ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ሳይል፣ «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አለኝ። ሰውዬው ለካ ራሱ ተከራይ ነው፤ የአምስት ወር ኪራይ ስላልከፈለ ነው የታሸገው። ለሌላ ማከራየትም በውሉ ተከልክሏል። ተከራይተን ነው የገባነው ስለው ደወለለትና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

«እዚህ አንዲት ሴትዮ ቢሮ አከራይቶኛል ትላለች።»

ዝም አለ ትንሽ። ከዚያ፣ «እ... እሷ? ምን አከራያታለሁ፤ ዕቃ ማስቀመጫ ቸግሯቸው ነው ያስገባኋቸው።»

«ወንድሜ! ሰባ ሁለት ሺህ ብር ልኬልህ የለም እንዴ?»

«ተበድረሽኝ ነዋ የመለስሽልኝ። ምን ብለሽ ነው የላክሽው? እስቲ ስልክሽን አውጪና አንብቢላቸው።»

አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ አሁንም አላውቅም። አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ ጮክ ብዬ «የብድር ተመላሽ» ብዬ አነበብኩ። ጥግ የተቀመጠችው ልጅ ሳቋን ልትውጥ ስትሞክር ሰማኋት። ስልኩ ተዘጋ። ጎረምሳው ሻዩን ፉት አለና «በነጻ ነው የምንሠራው እያላችሁ፣ ሰባ ሁለት ሺህ ከየት አመጣችሁት?» አለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛችኝ ይህች ጥያቄ ናት። በአሥር በአሥር ብር የሰበሰብነው ነው ልለው ፈልጌ ነበር፤ አፌ ተሳሰረ።

ዕቃችንን ልውሰድ ስለው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ማኅተሙ ውስጥ ነው። በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት ራሴ ነኝ። በመስታወቱ መሳቢያው ይታየኛል። ይህንን ስነግረው «እሱ የእኛ ችግር አይደለም።»

ፖሊስ ጣቢያ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ክሰሺ» ተባልኩ። በምኑ ማስረጃ? ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል በአዋጅ ተከልክሏል የሚል ነገር ሰምቼ ስለነበር እሱን ተስፋ አድርጌ የሕግ ባለሙያ አባላችን ጋ ደወልኩ። አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ነው፣ ቢሮን አይመለከትም አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ለኦዲተሩስ ምን እንላለን?» ብሎ ጠየቀኝ። ማኅበሩ ከማንም ተበድሮ አያውቅም።

ለሌሎቻችሁ፦ ከመክፈላችሁ በፊት የሕንጻውን አስተዳደር «ይህ ሰው ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ?» በሉ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ምክንያት የሚለው ላይ «የቢሮ ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ፣ ቢቆጣም። ማኅተም ቢሮ አታሳድሩ።

6,000 ብር ኮሚሽን የበላው ደላላ ዛሬ ጠዋት በቴሌግራም «እህቴ፣ ለማኅበር የሚሆን ቆንጆ ቢሮ አግኝቻለሁ፣ ለሚፈልግ ንገሪልኝ» ብሎ ፎቶ ልኮልኛል። አራተኛ ፎቅ፣ የመስታወት በር፣ አሁን 14,000 ሆኗል። ፎቶው ላይ አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ቡናማ ጠረጴዛ ይታያል፤ የእኛ ነው። ይህን ፎቶ የላከላችሁ ካለ ሰውዬውን አግኝታችሁታል ማለት ነው።